ጉድጓዱ ነው ወይስ ቁልሉ?

«ምሽግ ቆፈሩ» እንላለን፤ «ምሽግ ሰበሩ»ም እንላለን። በመጀመሪያው ምሽጉ ጉድጓድ ነው፤ በሁለተኛው ከፊት የቆመ መከላከያ። አንድ ቃል ወደ ታችም ወደ ላይም ሲያይ ትዝ የሚለኝ የኦፋ ዳይክ ነው።

ይህ በእንግሊዝ ምድር የነበረችው የመርሲያ መንግሥት ንጉሥ ኦፋ (ከ757 እስከ 796 እ.ኤ.አ. የነገሠው) በዌልስ ወሰን ያሠራው ምሽግ ነው። ቦዩ በዌልስ ወገን ተቆፈረ፤ አፈሩ በመርሲያ ወገን ተቆለለ። ሁለቱ አንድ ላይ እስከ 20 ሜትር ይሰፋሉ። ማረሻ ባገኘው ቦታ ቁልሉ እየተናደ ቦዩን ሞልቶታል። ከቲንተርን ገዳም ፍርስራሽ ማዶ፣ ከዋይ ወንዝ በላይ ባለው ጫካ ግን አራሽ ስላልደረሰበት ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ዳይክ» የመጣው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዲች» ነው። ቃሉ የተቆፈረውንም የተቆለለውንም ይጠራ ነበር። ኋላ ለሁለት ተሰነጠቀ፦ «ዲች» ጉድጓዱን ያዘ፣ «ዳይክ» በብዛት ወደ ቁልሉ አደላ። በጀርመንኛም ከዚያው ሥር «ዳይሽ» የባሕር መከላከያ ቁልል ሲሆን «ታይሽ» ኩሬ ሆኖ ቀረ። ዌልሶች ምሽጉን «ክላውዝ ኦፋ» ይሉታል፤ «ክላውዝ»ም ቦይም ቁልልም ነው፣ መቅበር ከሚለው ግሣቸው ጋር ይዛመዳል።

ዌልሳዊው መነኩሴ አሰር በ893 ገደማ በላቲን ሲጽፍ ግን መምረጥ ነበረበት። ላቲን ለቦዩ «ፎሳ»፣ ለቁልሉ «ቫሉም» አለው። አሰር «ቫሉም» አለ፤ ሥሩ ችካል ነው፣ ሮማውያን ቁልሉ ላይ የሚተክሉት። የላቲኑ ጥራት ለመሐንዲስ ይመች ይሆናል። እኔ ግን ከ«ዲች» ጋር ነኝ፤ አካፋ የያዘ ሰው አንዱን ሳይሠራ ሌላውን አይሠራም።

(ከሁሉ የሚያስቀው «ሞት» የሚለው የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ነው። ጉብታ ማለት ነበር፤ እንግሊዝኛ ገብቶ ቤተ መንግሥት የሚከብበው የውኃ ጉድጓድ ሆነ። ከጉብታው ተንሸራቶ ውኃ ውስጥ ወደቀ ማለት ነው።)

የእኛ ገበሬ በአፈር ጥበቃ ሥራ የለመደው «ፋንያ ጁ» ደግሞ ጉድጓዱንም ቁልሉንም ትቶ የአካፋውን አቅጣጫ ይዟል፦ በስዋሂሊ «ወደ ላይ አድርግ» ማለት ነው፤ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ዳገቱ ይወረወራልና። በሰፈራችሁ ለቦዩና ከቦዩ ለወጣው አፈር የተለያየ ስም ካላችሁ ጻፉልን።