የመስታወቱ ግራና ቀኝ

አባቴ እኔ ጋ ባደረ ቁጥር ጠዋት ጢሙን ሲላጭ አገጩ ስር ይቆረጣል። ምላጩን ስንወቅስ ከረምን። ለካ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፦ የኮንዶሚኒየሟ መታጠቢያ ቤት ያላት መብራት አንድ ነው፣ እሱም ጣሪያው መሃል፣ ከሰውየው ጀርባ።

ክፍሏን ላድስ ስነሳ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ (ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ስህተቱ መቼ እንደገባ ሳላውቅ ማረም አልወድም)። በሻማ ዘመን፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ እሳት አናት ላይ አይሰቀልም፤ ሰሙ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የአውሮፓ ባለጸጎች ሻማውን ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ያቆሙት ነበር። መስታወቱ ራሱም ብርሃን ማባዣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1684 ያለቀው የቬርሳይ አዳራሽ 357 መስታወት አለው። በ1835 ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢሕ ብርጭቆን ብር የመቀባት ዘዴ አገኘ፤ መስታወት ቀስ በቀስ ተራው ሰው ቤት ገባ።

የኤዲሰን አምፖል በ1879 መጣ። አምፖል እንደ ነበልባል አይደለም፣ ተዘቅዝቆም ይበራል። ስህተቱ የገባው እዚህ ይመስለኛል፦ አንድ ገመድ፣ አንድ አምፖል፣ ጣሪያ መሃል፤ ርካሽ ነዋ! ቅንድብ ዓይንን፣ አገጭ አንገትን አጨለመ። የቴአትር ሰዎች ብቻ እምቢ ብለው የመኳኳያ መስታወታቸውን ዙሪያ በአምፖል ከበቡት።

እኔ የመረጥኩት በዓይን ቁመት፣ ግራና ቀኝ የሚቆሙ ሁለት ኤልኢዲ ነው፤ እርጥበት የሚችሉ፣ 3000 ኬልቪን፣ ሲአርአይ የሚሉት የቀለም መለኪያቸው ከ90 በላይ። ሻጩ «ነጩ ይደምቃል» ቢለኝም አልሰማሁትም። ለሁለተኛው ገመድ ሴራሚክ መስበር ነበረብን። ኤሌክትሪሺያኑ «ለአንድ ፊት ሁለት መብራት?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባቴ ለፋሲካ ይመጣል።