የማርሻል ዕቅድ
የማርሻል ዕቅድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ለምዕራብ አውሮፓ የሰጠችው የኢኮኖሚ ዕርዳታ ነበር። ሐሳቡን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ማርሻል በ1947 እ.ኤ.አ. አቀረቡ። በዚያው ዓመት 16 አገሮች ፓሪስ ተሰብስበው የሚያስፈልጋቸውን ራሳቸው አቀዱ። ከ1948 እስከ 1951 ድረስ 13 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተሰጠ።

ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት በኋላ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዎከር ቡሽ አፍጋኒስታንን መልሶ ስለመገንባት ሲናገሩ የማርሻልን ሥራ በምሳሌነት አነሱ። እስከ 2014 አሜሪካ ለአፍጋኒስታን የመደበችው ገንዘብ፣ የዋጋ ንረቱ ታስቦ፣ ከማርሻል ዕቅድ በለጠ። ሆኖም ታሊባን በ2021 ካቡልን መልሶ ያዘ። የአውሮፓው ዕርዳታ የደረሰው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ የሠለጠነ ሠራተኛና የቆየ የመንግሥት አስተዳደር ለነበራቸው አገሮች ነው፤ አፍጋኒስታን ግን ዕርዳታውን የተቀበለችው ውጊያው ሳይቆም ነበር። ስለዚህ ዕርዳታ ሽብርን ለመከላከል እንዲረዳ የገንዘቡ ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሰላምና ሕዝብ የሚያምነው አስተዳደርም ያስፈልጋሉ።