የጓሮው መድኃኒትና የቀደምቶቻችን ሚዛን



ለዚህ ጽሑፍ ብዕር እንዳነሣ ያስገደደኝ የአክስቴ እግር ነው። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው አንዲት ጠርሙስ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሸጠላቸው። «ይህ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል፤ ከእንግዲህ የሐኪም ክኒን አያስፈልግዎትም» አላቸው። ሐዲስም ጠቀሰላቸው። አክስቴ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ሲነሣ የማይከራከሩ እናት ናቸውና ክኒኑን ተዉት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በግራ እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን አለች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቻቸውን ከመቁረጥ ሌላ መንገድ አላገኙም።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕይወታቸው ተርፏል። የበኩር ልጃቸው ግን ከሆስፒታል እንደተመለሰ መቆፈሪያ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቱ ለዓመታት የተንከባከቧቸውን ጤና አዳም፣ ዳማከሴና በሶብላ ነቅሎ ሊጥል ነው። «የኋላ ቀርነት መጨረሻው ይኸው ነው!» ይላል። እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ከነዚህ ከሁለቱ ትክክለኛው ማን ነው? ሻጩ «ይህ ሁሉን ይፈውሳል» ይላል። ልጁ ደግሞ «ምንም አይፈውስም» ይላል። ነገራቸው ተቃራኒ ቢመስልም አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም አልመረመሩም። ቀደምት ሙስሊሞች ግን ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነበራቸው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስደተኛው አትክልት ቦታ

በ750 የኡመያዎች መንግሥት በሻም ሲወድቅ ከቤተሰቡ መካከል ከሰይፍ ካመለጡት ጥቂቶች አንዱ ወጣቱ ዐብዱረሕማን ነበሩ። ሰሜን አፍሪካን አቋርጠው አንደሉስ ገቡ፤ በ756ም በቁርጡባ (ኮርዶባ) አሚር ሆኑ። ከከተማይቱ ወጣ ብለውም አንድ አትክልት ቦታ አቋቋሙ፤ በሻም በነበረው የአያታቸው ስፍራ ስምም «ሩሳፋ» አሉት። የተምር ዛፍ ተከሉ፤ ከሻም የሮማን ፍሬ አስመጡ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ከዚያ ሮማን የተወሰነውን ሰፈር የሚባሉ ሰው ወስደው ፍሬውን በመንደራቸው ዘርተው አበቀሉት፤ ሲያፈራም ለአሚሩ አቀረቡ። ያ የሮማን ዓይነት ከዚያ በኋላ በእርሳቸው ስም «ሰፈሪ» ተባለ።

አገሩን የተነጠቀ ሰው በአዲስ ምድር ከሠራቸው ነገሮች አንዱ መትከል መሆኑ ሊያስገርመን አይገባም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። የትንሣኤ ሰዓት ብትደርስና በአንዳችን እጅ የተምር ችግኝ ቢኖር እንኳ መትከል ከቻልን እንድንተክለው አዘዋል። የዚህ ኡማ ልጅ መትከልን ከዒባዳ ለይቶ አያየውም።

ስሙን ሳያውቁ አልቀመሱም

አንደሉሶች ግን ዘር በማስመጣት ብቻ አልቆሙም። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የግሪኩ ዲዮስቆሪዲስ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሞ ነበር። ተርጓሚው የዐረብኛ አቻቸውን ያላወቋቸውን የዕፅዋት ስሞች አልገመቱም፤ በግሪክኛው እንዳሉ ተዉአቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ948 አካባቢ፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ለኸሊፋው ለሦስተኛው ዐብዱረሕማን የዚያኑ መጽሐፍ ሥዕል ያለበት የግሪክኛ ቅጂ ላከላቸው። በ951ም ግሪክኛ የሚያውቅ ኒቆላስ የተባለ መነኩሴ ቁርጡባ ደረሰ። ሙስሊም ሐኪሞች፣ አይሁዳዊው ሐኪም ሐስዳይ ኢብኑ ሸፕሩጥና መነኩሴው አንድ ላይ ተቀምጠው የእያንዳንዱን ተክል ማንነት መለየት ያዙ። ይህን የነገረን በዘመኑ የነበሩት ሐኪም ኢብኑ ጁልጁል ናቸው።

ስለ ቅጠል ስም ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? መልሱን እኛም እናውቀዋለን። አንዱ አውራጃ በአንድ ስም የሚጠራውን ቅጠል ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ አንዳንዴም አንድ ስም ለሁለት የተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። አንዱ መድኃኒት ሌላው መርዝ የሆነ እንደሆነ የስም ስህተት የነፍስ ስህተት ይሆናል።

መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ መድኃኒት

በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት በጡለይጢላ (ቶሌዶ) ኢብኑ ወፊድ የተባሉ ሐኪም ነበሩ። የንጉሡን አትክልት ቦታ የሚመሩትም እርሳቸው እንደነበሩ ይነገራል። የአገራቸው ሰው ቃዲ ሷዒድ እንደጻፉላቸው፣ ኢብኑ ወፊድ በምግብ ማከም እስከተቻለ ድረስ መድኃኒት አያዙም ነበር። መድኃኒት ግድ ሲሆን በአንድ ተክል ይጀምራሉ፤ መቀላቀል ሲያስፈልግም የሚቀላቅሉት ከጥቂቱ ነው። ዛሬ «ተፈጥሯዊ ኑሮ» የሚባለው ነገር እንግዲህ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በፊት ሥርዓት ነበረው ማለት ነው። ግን ልብ በሉ! ይህን ያሉት ሕክምናን ዕድሜ ልካቸውን የተማሩ ሰው እንጂ ከሕክምና የሸሹ ሰው አልነበሩም።

በዚያው ከተማ ኢብኑ በሷል የተባሉ የእርሻ ሊቅ አፈርን በአሥር ዓይነት ከፍለው የእያንዳንዱን ጠባይ ጻፉ። በ1085 ጡለይጢላ በጠላት እጅ ስትወድቅ ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ኢሽቢሊያ (ሴቪል) ተሰደዱ፤ እዚያም እንደገና መትከል ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው በኢሽቢሊያ ኢብኑል ዐዋም ትልቁን የእርሻ መጽሐፍ ጻፉ። በውስጡ 585 ያህል ተክሎች ተዘርዝረዋል። ፍግ እንዴት እንደሚብላላ፣ አመድና ገለባ ከፍግ ጋር እንዴት እንደሚደባለቅ፣ ዛፍ ከዛፍ እንዴት እንደሚዳቀል፣ ውሃ እንዴት እንደሚቆጠብ ይናገራል። ጸሐፊው የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል ይሰበስባሉ፤ ከራሳቸው የሚናገሩትን ግን ደጋግመው ሞክረው ያረጋገጡትን ብቻ እንደሆነ ይገልጻሉ።

በ1197 አካባቢ በማላጋ የተወለዱት ኢብኑል በይጣርም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ዕፅዋት ፍለጋ ከአንደሉስ ተነሥተው በሰሜን አፍሪካ በኩል እስከ ሻም ተጓዙ። በመጽሐፋቸው 1,400 ያህል የመድኃኒት ዓይነቶችን በፊደል ተራ አስቀመጡ። በዓይናቸው አይተው የተረጋገጠላቸውን ያዙ፤ ከእውነታው ጋር የተጋጨውን ባለቤቱ ታላቅ ሰው ቢሆንም እንኳ ጣሉ። ተማሪያቸው ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ከእርሳቸው ጋር በደማስቆ ዙሪያ እየዞረ ተክሎችን በበቀሉበት ቦታ እንዳየ ጽፏል። ኢብኑል በይጣር በ1248 ደማስቆ ውስጥ አረፉ።

ሐኪም ለሌለበት ሰው

ቤት ውስጥ ራስን ማከምስ? ለዚህም ቀደምቶቻችን መጽሐፍ ነበራቸው። በ925 አካባቢ ያረፉት አር-ራዚ ሐኪም በአጠገቡ ለሌለ ሰው የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ርእሱ ራሱ «ሐኪም ላልተገኘለት ሰው» ማለት ነው። አር-ራዚ ማን ነበሩ? በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን የመሩ፣ ፈንጣጣንና ኩፍኝን ለይተው የጻፉ ሐኪም ናቸው። ድሃው ሐኪም ሲያጣ በቤቱ ካለው እንዲረዳ አሰቡለት፤ ሐኪም ያለው ሰው ሐኪሙን ይተው ግን አላሉም።

ለአክስቴ የተጠቀሰላቸውን ሐዲስም እንመልከት። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም በሽታ ፈውስ እንዳለበት የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ሶሒሕ ሐዲስ ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለንም። ሆኖም እንደ አል-ኸጣቢ ያሉ ዑለማዎች ቃሉ አጠቃላይ ቢሆንም የሚመለከተው ከጠባዩ ጋር የሚስማማውን በሽታ እንደሆነ አብራርተዋል። ሌላም ሐዲስ አለ፤ ሻጩ እርሱን አልጠቀሰም። ሕክምና ሳይታወቅበት ሰውን ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ በአቡ ዳውድና በሌሎችም ተዘግቧል። ፉቀሃዎችም በዚህ ላይ ተመሥርተው ያለ ዕውቀት የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ካሣ እንደሚከፍል ፈርደዋል። ሸሪዓው በሽተኛውን ታከም ሲለው አካሚውንም ያለ ዕውቀት እጅህን አታስገባ ይለዋል።

በእኛም ደጅ

ይህ ሚዛን ለሩቅ አገር ብቻ የሚሆን አይደለም። ሐለብና ናቡልስ ከወይራ ዘይት በሚሠሩት ሳሙና እንደሚታወቁ ሁሉ የእኛም እናቶች ከጓሮ የሚቆርጡት ሳሙና አላቸው፤ እንዶድ ነው። ፋብሪካ ሳይኖር ስንት ዘመን ልብሳችንን ነጭ አድርጎልናል! በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ነገሩን መረመሩ፤ አረጋገጡም። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

እናቶች ያውቁት የነበረውን ሊቁ አልናቀም፤ ሳይመረምርም አልተቀበለም። ደግሞም ያው እንዶድ ልብስ ያነጻል እንጂ ሰው ቢውጠው ይመርዛል። ኮሶም ትልን ያወጣል፤ ልኩን ሲያልፍ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ ጓሯችሁን አትንቀሉ። ጓሮ የሌላችሁ በቆርቆሮም ቢሆን ትከሉ። የወጥ ቤታችሁን ልጣጭና አመድ ከፍግ ጋር አብላሉት፤ ትኩሱን ፍግ ግን ለችግኝ አትስጡ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል። ለልጆቻችሁ የእያንዳንዱን ቅጠል ስም አስተምሩ፤ የማይበላውንም አብራችሁ አሳዩ። ጉንፋን ሲይዛችሁ ዝንጅብልና ማር መልካም ነው። ነገር ግን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ቲቢ ወይም ሌላ ጽኑ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ። በቤት የሚወስደውንም ቅጠል ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ከክኒኑ ጋር አይስማማምና። ከበሽተኛ ላይ ገንዘብ እየተቀበለ «ሐኪም ተው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ስንት ሐዲስ ቢጠቅስም ከደጃችሁ መልሱት።

የአክስቴ ልጅ ያን ቀን መቆፈሪያውን አስቀመጠ። ዛሬ ጓሮውን ውሃ የሚያጠጣው እርሱ ነው፤ እናቱ ቆመው ለመሥራት እግራቸው አይፈቅድላቸውም። አክስቴ ጤና አዳሙን ስኳር በሌለበት ቡናቸው ውስጥ ነክረው ይጠጣሉ። ክኒናቸውንም ቢስሚላህ ብለው በሰዓቱ ይውጣሉ። ሁለቱም የአላህ ጸጋ ናቸው፤ ፈዋሹም እርሱ ብቻ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ የታመሙትንም ያሽርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።