ዜና ሐይቅ፦ በትምህርት የጸናና በአዋጅ ያልጸና

መንግሥት በ1262 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ከመዛወሩ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ፣ የዳኅና ተወላጅ የሆኑት አባ ኢየሱስ ሞአ ከደብረ ዳሞ ተነሥተው በወሎ ወዳለችው የሐይቅ ደሴት መጡ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በደሴቲቱ ላይ ከእርሳቸው በፊት ነበረች፤ አባታችን የጨመሩባት ትምህርት ቤት ነው። ጭፍራ አላስከተሉም፣ ነጋሪትም አላስጎሰሙም። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር የተማሩትን ምንኩስናና ጽሕፈት ይዘው ቆዳው ብራና እስኪሆን የሚፋቅበትን፣ ቀለሙ የሚበጠበጥበትን፣ ወንጌል የሚገለበጥበትን ቤት አቆሙ። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል የራሳቸውን ሥዕል ጭምር ይዞ ይገኛል። ክርስትና ለልዩ ልዩ ሰው እንዴት እንደሚደርስ ለሚጠይቅ፣ የእኔ መልስ ከዚህ ቤት ይነሣል፦ እምነት የጸናው በተማረ ሰው ልብ ነው፣ በአዋጅ የገባው ግን ብዙውን ጊዜ ከአዋጁ ጋር ሄዷል።

ወደዚያ ቤት የገቡትን ተመልከቱ። ከሸዋ የካህን ልጅ ተክለ ሃይማኖት መጡ፤ ተምረውም ተመልሰው በሸዋ ሰበኩ። ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ወርደው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ መጡ። አባታቸው በንጉሡ ድንኳን የሚያገለግሉ ሊቅ ነበሩ፤ ልጁ ግን ትምህርት እንቢ ቢላቸው፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ ለመነኮሳቱ እህል እየፈጩ ያገለግሉ ነበር። ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብለው መጁን ሲገፉ የኖሩት ሰው በኋላ እንደ መጽሐፈ ምሥጢር ያለውን ድርሰት ደረሱ። የቤተ መንግሥት ልጅና የገበሬ ልጅ በአንድ ወፍጮ ፊት የሚቆሙበት ቦታ ለሁሉም የሚሆን ስብከት ያለው ቦታ ነው። ይህን አጥብቄ አምናለሁ።

አንዳንዱ ግን «ሐይቅም ቢሆን ያለ ንጉሥ አልከበረችም፤ የገዳሙ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን አልነበረውምን?» ይላል። ነበረው፤ ገዳሙም ርስት አግኝቶበታል። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከይኩኖ አምላክ ዙፋን ቀደመ። ደግሞም ፈተናው በኋላ መጣ። በ1524 ዓ.ም. ዐፄ ልብነ ድንግል በአምባሰል ከተሸነፉ በኋላ የኢማም አሕመድ ሠራዊት በታንኳ ወደ ደሴቲቱ ተሻግሮ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። የነገሥታቱ ወርቅ ሄደ፤ በደቀ መዛሙርቱ ደቀ መዛሙርት የተላለፈው ትምህርት ግን በደብረ ሊባኖስና በጣና ገዳማት ቀረ።

አሁን ደግሞ ወደ ቦሩ ሜዳ እንሂድ፤ ከሐይቅ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የካህናቱን ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ አዘዙ። ከወሎ ባላባቶች ኢማም መሐመድ ዓሊ በንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አባትነት ተጠምቀው ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ደግሞ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ባላባቱ ሹመቱን ለማቆየት ተጠመቀ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆነ፣ ሌላው አገር ጥሎ ተሰደደ፣ ሌላው በአዋጁ ላይ የተነሡትን ሼኽ ጦልሓን ተከትሎ ሸፈተ። ለዓመፁ የተሰጠው መልስ ዘመቻ ነበር፤ ወሎ ታረደች፣ ተዘረፈች። ወንጌል እንደ ግብር በተቆጠረበት ጊዜ ወንጌሉ ተበደለ፣ ሕዝቡም ተበደለ፤ ይህን አለመናገር ለቤተ ክርስቲያን አይጠቅማትም።

«ራስ ሚካኤልስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኋላ ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል በክርስትናቸው ጸንተው ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ እስኪማረኩም ድረስ ወሎን ገዝተዋል። እግዚአብሔር በተጣመመ መንገድም ሰው መሳብ እንደሚችል እቀበላለሁ። ግን የአንድ መኮንን መጽናት የሺዎቹን መገደድ አያጸድቅም። የአዋጁ ዓላማ ወሎን አንድ ሃይማኖት ማድረግ ነበር፤ ዛሬ በሐይቅና በውጫሌ ገበያ፣ በአምባሰል ሰርግና ለቅሶ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው መቀመጣቸው ያ ዓላማ እንዳልተሳካ ይመሰክራል። እንኳንም አልተሳካ።

እንግዲህ ለስብከት የምትላኩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደ ወሎ ስትሄዱ ከመድረኩና ከማጉያው በፊት የአባ ኢየሱስ ሞአን ገድል አንብቡ። ጎረቤታችሁን አስተምሩ፣ አገልግሉ፣ «አይሆንም» ቢላችሁም ለቅሶው ላይ አትቅሩ።