ቡናችን በአምስት ሰከንድ ሲያልቅ ሻጩ ማን ነበር?

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አንድ ወሬ አገር ምድሩን አዳረሰ። በጊዜው በቤጂንግ የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት ተሾመ ቶጋ በቻይና የኢንተርኔት ገበያ በቀጥታ ስርጭት ቀርበው የአገራቸውን ቡና አስተዋወቁ፤ 11,200 ከረጢት ቡናም በ5 ሰከንድ ተሸጦ አለቀ ተባለ። የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ ሳይቀሩ ነገሩን በትዊተር አበሰሩ። እኛም ደስ አለን። 5 ሰከንድ እኮ አንድ ሲኒ ለመቅዳት እንኳ አትበቃም! (በነገራችን ላይ ትዊተር ቻይና ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የተዘጋ ነው። ብስራቱ የተላከው ለገዢዎቹ ሳይሆን ለእኛ ነበር ማለት ነው።)

ደስታው በረድ ሲል ግን አንድ ጥያቄ መጣብን። ከካሜራው ፊት የቆሙት አምባሳደር ናቸው፤ ከኋላቸው መንግሥት አለ። አንድ የኮልፌ ልጅ ተነስቶ “የራሴን ዕቃ በራሴ ስም ለቻይናዊ ሸማች በኢንተርኔት ልሽጥ” ቢልስ? በዚያው በር ይገባል? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ሄደን ታሪኩን መፈተሽ ነበረብን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል፤ የአዋጆቹን ቁጥር ብቻ በእኛ።)

ለምን ኮልፌ? የጅማ መንገድ ከከተማዋ የሚወጣው በአየር ጤና በኩል ስለሆነ ነው። ከጅማና ከካፋ የተጫነ ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ኮልፌ ቀራንዮን ረግጦ ያልፋል። ያንኑ መንገድ የሚያቋርጠውን ቀለበት መንገድ ደግሞ የሠራልን የቻይና ኩባንያ ነው። ጎረቤታችን መርካቶ በቻይና ዕቃ ከተጥለቀለቀ ቆየ፤ ቶሎ የተሰበረ ነገር ሁሉ “ቻይና ነው” የሚባልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ዕቃው ከወዲያ ወደ እኛ ሲመጣ መንገዱ ሰፊ ነው። ከእኛ ወደዚያ ግን የሚሄደው ለብዙ ዘመን ጥሬ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ስሙ የጠፋ፣ በጆንያ የታጨቀ።

ከዚህ ሰፈር በስሙ ወጥቶ በኢንተርኔት ለዓለም የተሸጠ ነገር የለም እንዳይባል ግን አንድ ትልቅ ምስክር አለን። ዘነበወርቅን የማያውቅ የለም፤ አለርት ሆስፒታል ያለበት፣ ለረጅም ዘመን ከሥጋ ደዌ ጋር ብቻ ስሙ ሲነሳ የኖረ ሰፈር ነው። እዚያ ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ጥላሁን ዓለሙ በ2004 ሶል ሬብልስ የተባለውን ጫማ ሥራ በጥቂት ሠራተኞችና ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ጀመረች። ገንዘቡም የቤተሰብ ነበር። ጫማው ምን ነበር? በረባሶ! አርበኛ የተጫማው፣ ገጠሬ የሚጫማው፣ የከተማ ልጅ የሚያፍርበት ከመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ። ሶሉ ያገለገለ ጎማ፣ ላዩ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የአገራችን ኢንተርኔት በቴሌ እጅ ያለ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት ነበር። እንዲያም ሆኖ ጫማው በአማዞን ላይ ተሸጠ፣ በአሜሪካ እንደ ሆል ፉድስና ኧርባን አውትፊተርስ ባሉ መደብሮች ተደረደረ፤ ቆይቶም በስሙ የተከፈተ ሱቅ በታይዋን አገኘ። ልብ በሉ፣ የተሸጠው ጎማ ወይም ጥጥ አይደለም፤ ያለቀለት ጫማ ነው፣ ከነስሙና ከነታሪኩ። ሴትየዋ በኋላ ፊቷን ወደ ቡና አዙራ ጋርደን ኦፍ ኮፊን መሠረተች፤ ቡናው እዚሁ በእጅ ተቆልቶ፣ ታሽጎ፣ ስም ተሰጥቶት እንዲወጣ ነበር ሐሳቡ። በ2018 ደግሞ ቻይና ውስጥ እስከ 2022 ከ100 በላይ ቡና ቤቶች የመክፈት ዕቅድ እንዳላት በዓለም ዜና ማሰራጫዎች ተነገረ። ቁጥሩን ትተን አቅጣጫውን ብቻ ብናይ እንኳ፣ ከዘነበወርቅ ተነስቶ የቻይናን ሸማች ማሰብ በራሱ ታሪክ ነው።

ታዲያ በአማዞን ያለፈ ሰው ለምን በዚያው መንገድ ቻይና አይገባም? ምክንያቱም የቻይና ኢንተርኔት ሌላ አገር ነው። ሶል ሬብልስ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2003፣ አሊባባ ታኦባኦ የተባለውን ገበያ ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት አሊፔይ የተባለው መክፈያ ተከተለ። ጉግል በ2010 የፍለጋ አገልግሎቱን ከዋናው ቻይና አወጣ። አማዞን እንኳ የአገር ውስጥ ገበያውን እዚያ በ2019 ዘጋ። ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፍቼ ቻይናዊ ደንበኛ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። ድረ ገጹን እዚያው ቻይና ላስቀምጥ ካሉ ደግሞ የመንግሥት ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ለምዝገባው እዚያ የቆመ ድርጅት ያስፈልጋል። ሕጉ በ2015 ለውጭ ሰው የኢንተርኔት ንግድ ድርጅት ሙሉ ባለቤትነት ፈቅዷል፤ ወረቀቱና ወጪው ግን እንደ ፈቃዱ ቀላል አይደለም። በተማሪ ቪዛ ተቀምጦ በዊቻት ቡና መቸርቸር የሚያምረው ወገንም ፈቃድ ካላወጣ ሕጉ እንደማይፈቅድለት ይወቅ።

በ2014 ግን አሊባባ ቲሞል ግሎባል የሚባል በር ከፈተ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። በዚህ በር የሚገባ ነጋዴ ቻይና ውስጥ ድርጅት ማቋቋም አይጠበቅበትም፤ በአገሩ የተመዘገበ ድርጅትና የንግድ ምልክት ይበቃዋል። ዕቃውን ቀረጥ ሳይከፈልበት በሚቆይ መጋዘን ያስቀምጣል፣ ሸማቹ ሲያዝ ከዚያ ይወጣል። ገዢው ከ2019 ጀምሮ በአንድ ጊዜ እስከ 5,000 ዩዋን፣ በዓመት እስከ 26,000 ዩዋን በዚህ መንገድ መግዛት ይችላል። ያማረ ነገር! ግን ለደንበኛ በቻይንኛ የሚመልስ ሰው፣ ዕቃ ሲመለስ የሚቀበል አድራሻ እዚያው ቻይና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አብዛኛው ነጋዴ ወኪል ይቀጥራል። መያዣውስ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለብዙው የዕቃ ዓይነት 25,000 ዶላር ነበር፤ በዚያ ላይ የ5,000 ወይም የ10,000 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ፣ በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን።

እንግዲህ አስሉት። ሶል ሬብልስ ሲጀመር የነበረው ገንዘብ በሙሉ ለመያዣው ግማሽ እንኳ አይበቃም ነበር። ያውም በዶላር! የባንክ ወረፋ ይዞ ዶላር የጠበቀ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን።

በእኛ በኩል ያለው ቁልፍም ቀላል አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 602/2000 ወጥቶ ቡና በምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ከተለያየ ማሳ የመጣው ቡና በደረጃ እየተመደበ ተቀላቀለ። ግብይቱ ተስተካከለ የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ግን ይህ የእገሌ ማሳ ቡና ነው ብሎ ለመሸጥ የፈለገ ሰው ስሙን መጋዘን ደጃፍ ላይ ትቶ ነበር የሚገባው። በስክሪን ላይ ቡና የሚገዛ የሻንጋይ ወጣት ደግሞ ከቡናው እኩል የሚገዛው ታሪኩን ነው። ይህ የላላው አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሲመጣ ነው።

ከዚያ መንግሥታት ገቡበት። ሩዋንዳ በጥቅምት 2018 ከአሊባባ ጋር ተፈራረመች። እኛ በኅዳር 2019 ተከተልን፤ ጃክ ማ አዲስ አበባ መጥቶ ስምምነቱ ተፈረመ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣና በመጋቢት 2020 ከጃክ ማ የተላከው ጭምብልና መመርመሪያ ቦሌ ደርሶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአፍሪካ ተከፋፈለ። መንገዱ ሠራ፣ ጭነቱ ግን አሁንም ከወዲያ ወደዚህ ነበር። በግንቦት 2020 የሩዋንዳ ቡና በአንዲት ዝነኛ አቅራቢ የቀጥታ ስርጭት 1.5 ቶን በ1 ሰከንድ ተሸጠ ተባለ። የእኛ 5 ሰከንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጃችንም፣ ቁጥር 1205/2012፣ በዚሁ መሀል ወጣ።

በእኛ አስተያየት እነዚህ ስርጭቶች ማስታወቂያ ናቸው፤ ጥሩ ማስታወቂያ። ሱቅ ግን አይደሉም። ሱቅ በማግስቱም ይከፈታል፣ ቅሬታ ይቀበላል፣ የተመለሰ ከረጢት ይቆጥራል። አምባሳደር ይህን ሊያደርግ አይችልም፣ ሥራውም አይደለም።

ስለ ስም አንድ ነገር እንጨምር። በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ሲነሳ ከስታርባክስ ጋር ተፋጠጠ፤ ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። መንግሥት ሁለት ዓመት የወሰደበትን ክርክር አንድ ግለሰብ ሊሸከመው አይችልም። ቻይና ላይ ደግሞ ምልክቱ በመሠረቱ የሚሰጠው ቀድሞ ላስመዘገበ ነው። ስሙን በቻይንኛ ፊደልም ጭምር ያላስመዘገበ ነጋዴ ዕቃው መወደድ በጀመረ ዕለት ሌላ ሰው በስሙ ሱቅ ከፍቶ ሊያገኘው ይችላል።

ቀረጡ ዛሬ እንቅፋት አይደለም። ቻይና ከታኅሣሥ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግንኙነት ላላት በኢኮኖሚ ያላደጉ አገሮች ምርት ሁሉ ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች፤ እኛም አለንበት። ብሔራዊ ባንክም በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ገበያውን ሲለቅ ላኪዎች ካገኙት ዶላር ግማሹን እንዲይዙ ፈቅዷል። የቀረው ገንዘብ የሚያዋጣ፣ ቻይንኛ የሚችል፣ ምልክት የሚያስመዘግብ ስብስብ ነው። ቻይና ተምረው የተመለሱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ፤ ቡና ቆይዎችም አሉ። 25,000 ዶላር ለአንድ ሰው ተራራ ነው፤ ለ30 ሰው ግን ለየራሱ ከ850 ዶላር አይበልጥም። በኮልፌ አንድ ዕቁብ ውስጥ 30 ሰው መሰብሰብ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም።