ከጭኮ እስከ ቸኮሌት፦ የይፋት ስንቅ ረጅም መንገድ

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት እስኪደርስ ልብሱን እየቀነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሞቃት ከተማ ሲገባ ገብሱ በማሽላ፣ ባቄላው በማሾ ተተክቶ ያገኘዋል። ደብረ ሲና ላይ በመኪናው መስኮት የገዛው ቆሎ ሳያልቅ የሸዋ ሮቢት ማንጎና ፓፓያ ይቀርብለታል። ይፋት ለእኔ ይህ ቁልቁለት ነው። ደጋው፣ ቆላውና በረሃው እህልና ጨው፣ ቅቤና ጨርቅ ሲለዋወጡበት ኖረዋል።

በዚሁ ቁልቁለት ግርጌ፣ በሸዋ ሮቢት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብስኩት በሙቀጫ ስትወቅጥ አየሁ። የተወቀጠውን በቅቤ፣ በማርና በካካዎ ለውሳ በትሪ ላይ ጠቀጠቀችው፤ ከላዩ የቀለጠ ቸኮሌት አፈሰሰችበት። መጋገሪያ የለም፣ ምጣድም አልተጣደም። የውጭ አገር ሰው ሠርቶት በስልኳ ያየችው ነበር። አያቷ ከበርጩማቸው ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና ከትሪው ጠርዝ ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው ጨበጡት። መዳፋቸውን ሲከፍቱ የጣቶቻቸው ቅርጽ እንዳለ ቀርቷል። «በቅቶታል» አሉ። ያቺ አንዲት ቃል ናት ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ፤ ምክንያቱም ቃሉም፣ የእጁ ፈተናም ለቸኮሌት የተፈጠሩ አይደሉም። የቆዩ ናቸው፤ እኛም ወራሾቻቸው ነን።

ነገሩን ከራቀው ዘመን ልጀምር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የአረብ መልክዓ ምድር ጸሐፊ አቡል ፊዳ ስለ ይፋት ሲጽፍ ዝናቧ በአብዛኛው በሌሊት እንደሚጥል፣ ሸንኮራ አገዳም እንደሚበቅልባት ይናገራል። ያኔ ይፋት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ግዛት ነበረች፤ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ ያለ እሷ አያልፍም ነበር። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ከይፋት ሱልጣኖች ጋር ደጋግመው የተዋጉትም ከሃይማኖቱ ጉዳይ ባልተናነሰ በዚህ መንገድ ሳቢያ ነው። የነኖራና የነአስበሪ ከተሞች የድንጋይ መስጊድ ፍራሾች ዛሬም በተራሮቹ ትከሻ ላይ ቆመው ይታያሉ። ጣፋጭ ነገር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም ለማለት ከፈለግሁ ምስክሬ የ700 ዓመት ሸንኮራ ነው።

መንገዱ ከመንግሥታቱ በላይ ዕድሜ አለው። የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከታጁራ ተነስቶ በአፋር በረሃ ለሳምንታት ተጉዞ ነው። የሸዋ ደጃፍ ይፋት ሥር ያለችው ፋሬ ነበረች። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ይወጣል፤ በዓርብ ገበያዋ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራውና ኦሮሞው ይገናኙ ነበር፤ የአሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ዛሬ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ የወረደ ሰው የዚያን ግንኙነት ቅሪት በዓይኑ ያያል።

እነዚህ ነጋዴዎች በበረሃ ምን ይበሉ ነበር? በበረሃ እሳት ማንደድ ማገዶ ይጠይቃል፤ ማብሰል ውሃ ይጠይቃል፤ የሌሊት እሳት ደግሞ ያሉበትን ቦታ ለሽፍታ ይናገራል። ስለዚህ የመንገደኛው ምግብ እሳቱን እቤቱ ጨርሶ የሚወጣ መሆን ነበረበት። ስንቅ የምንለው ይህ ነው። ቆሎው ተቆልቶ፣ ዳቦ ቆሎው ተጠብሶ፣ ድርቆሹ ከተጋገረ በኋላ በፀሐይ ደርቆ፣ በሶው ታምሶና ተፈጭቶ ይወጣል። መንገድ ላይ የሚቀረው ማርጠብ፣ መለወስና መጨበጥ ብቻ ነው። የሸዋ ሠራዊትም ሆነ የአልዩ አምባ ነጋዴ በዚሁ ኖሯል።

ከእነዚህ ሁሉ ለትሪው ጣፋጭ በጣም የሚቀርበው ጭኮ ነው። ገብሱ ይለቀማል፤ በጥቂቱ ርሶ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ይበጠራል። ከዚያ በምጣድ ይታመሳል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ካረረ ይመራል፣ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል። ተፈጭቶ በሶ ከሆነ በኋላ ጨውና ቅመም ገብቶበት በነጠረ ቅቤ ይለወሳል። አያቶቻችን ልኩን በሚዛን አያውቁትም፤ በመዳፍ ይጨብጡታል። ከፈረሰ ቅቤ ይጨመርለታል፤ በጣት መሃል ቅባት ካወጣ በሶ ይጨመርለታል፤ የጣቱን ቅርጽ ይዞ ከቀረ በቅቶታል። ከዚያ በዕቃ ተጠቅጥቆ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ እየተቆረሰ ይበላል።

ለጾሙም መላ ነበረው። ቅቤ በማይበላበት ጊዜ ኑግ ተቆልቶ ከተቆላ እህል ጋር ይወቀጣል፤ ጭብጦና ልጥልጥ የሚባሉት እንዲህ የተሠሩ ናቸው። የተወቀጠ ኑግ አይታችሁ ከሆነ ጥቁር ነው፣ ወዙ ያብረቀርቃል፣ ትንሽ መረር ብሎ አፍ ይሞላል። ካካዎን አንድም ቀን ያላየች እናት፣ ካካዎ የሚሠራውን ሥራ በኑግ ታሠራው ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ሌላው የዓለም ጫፍ እንሂድ። ብስኩት የሚለው ቃል ከላቲን ሲመዘዝ «ሁለት ጊዜ የተጋገረ» ማለት ነው። ውሃው ወጥቶ እንዳይሻግት ሁለት ጊዜ እሳት ያየ የመርከበኛና የወታደር ዳቦ ነበር። ከድርቆሻችን ጋር የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ለባሕር፣ አንዱ ለበረሃ። ቸኮሌት ደግሞ ከመካከለኛው አሜሪካ ተነስቶ አውሮፓ ከገባ በኋላ ለብዙ ዘመን የሚጠጣ እንጂ የሚገመጥ አልነበረም። በእንግሊዝ ብሪስቶል የነበረው የፍራይ ፋብሪካ በቅርጽ የረጋ፣ የሚበላ ቸኮሌት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው። በዚያው ዓመት ሣህለ ሥላሴ አረፉ። አልዩ አምባ ከነገበያዋና ከነጭኮዋ በደመቀችበት ሰዓት፣ የዛሬው ቸኮሌት ገና መወለዱ ነበር።

ሁለቱ እስኪገናኙ ገና ብዙ መንገድ ቀርቶ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጣርማ በር ተበሳና የመኪና መንገድ ቁልቁል ወረደ፤ የግመሉ መንገድ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 ወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር በአዋሽ ሸለቆ የሚመረት ስኳር በየሱቁ ገባ፤ ደስታ ከረሜላ የአንድ ትውልድ ልጆች የጣፋጭ ትርጉም ሆነ። ብስኩት በካርቶን ተጭኖ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የመንገደኛ ቁርስ፣ የእንግዳ መቀበያ፣ የሕፃን ማባበያ ሆነ። ኬክ ግን የመጋገሪያ ምድጃ ያለው ሰው ጉዳይ ነበር፤ አዲስ አበባ ፒያሳ ድረስ ሄዶ እነ ኤንሪኮ ቤት የሚበላ የከተሜ ነገር። ሳይጋገር የሚሠራው የትሪ ጣፋጭ ለእኛ ቤት የተመቸው ለዚህ ነው። የቸገረን ምድጃው እንጂ ሙያው አልነበረም።

ወደዚያች ልጅ ቤት ልመለስ። የተጠቀመችው ልክ 200 ግራም ብስኩት፣ 100 ግራም ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁለት ማንኪያ ካካዎ፣ ከላይ ደግሞ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን የቀለጠ 150 ግራም ቸኮሌት ነው። ስልኳ ላይ ያለው ሰው «ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» ይላል። ፍሪጅ አለ፤ መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የሸዋ ሮቢት የቀትር ሙቀት ደግሞ ለቸኮሌት አይመችም፤ የካካዎ ቅባት ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከሰው ገላ ሙቀት ያነሰ ነው። በአፍ የሚሟሟውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሞቃት አገር ጠረጴዛ ላይ የሚያስቸግረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«ምን ይሻላል እማዬ?» አለች ልጅቷ።

አያቷ ሳይቸኩሉ ተነሱ። እንስራው ወደሚቀመጥበት ጥግ ሄደው ሁልጊዜ እርጥብ የሆነውን አሸዋ በእጃቸው ደልደል አደረጉ። ትሪውን እዚያ ላይ አስቀምጠው በሌላ ትሪ ከደኑት፤ ከላዩ ውሃ የተነከረ ነጠላ ጣሉበት። «ነፋስ እንዲያገኘው በሩን ክፈችው» አሉ። እንስራ ሲያልበው ውሃው የሚቀዘቅዝበት ብልሃት ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። እንደ ፍሪጅ አላደነደነውም። ከምሽት በኋላ ግን በቢላዋ የሚቆረጥ ሆኗል።

አንድ ሌላ ነገርም አስተካከሉ፤ ይህኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። ልጅቷ ያመጣችው የሱቅ ቅቤ ነበር። እንዲህ ያለው ቅቤ ከመቶው 16 ያህሉ ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ብስኩቱን ያለሰልሰዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል። አያቷ ይህን ቁጥር አያውቁትም። «ሳይነጠር እንዴት ይሆናል?» ብለው ግን ቅቤውን መጀመሪያ አንጥረውት ነበር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሳያስገቡ፣ ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ብቻ ጨምረው። ኮረሪማው ከካካዎው ጋር እንዴት እንደተዋደደ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል።

የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የምግቡ መምጣት አያሳስበኝም፤ ይፋት ከዘይላና ከታጁራ የመጣውን ሁሉ ተቀብላ የራሷ ስታደርግ የኖረች አገር ናት። የሚያሳስበኝ አብሮን የነበረው ዕውቀት ሳንጠይቀው መሄዱ ነው። ቅቤ ለምን ይነጠራል? እህሉ ለምን መጀመሪያ ይታመሳል? ለምን በመዳፍ ይጨበጣል? የስልኩ መመሪያ የተጻፈው ቤቱ ለሚቀዘቅዝ፣ መብራቱ ለማይጠፋ ሰው ነው። የእኛ ቆላ መመሪያ ያለው በአያቶቻችን እጅ ነው፤ እነሱም እየቀነሱ ነው።

ይህን ዕውቀት ችግር በመጣ ቁጥር እናስታውሰዋለን። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ፣ ሰው እቤቱ ያለውን በሶና ቆሎ ቋጥሮ ወጣ። በሌሎች ከተሞችም እናቶች በየሰፈሩ ተሰብስበው ደረቅ ስንቅ ሲያዘጋጁ ከረሙ። የታመሰ ገብስ ሽታ ሠፈሩን ሲያውደው ብዙዎቻችን ልጅነታችንን አስታውሰናል፤ ያስታወሰን ግን መከራ ነው። ስንቅ በሰላም ጊዜም መማር ያለበት ሙያ ይመስለኛል፤ ትሪው ደግሞ ለዚህ ጥሩ ሰበብ ነው። ልጆች ጭኮ ተማሩ ቢባሉ ላይመጡ ይችላሉ፤ ቸኮሌት ካለ ይመጣሉ።

መሬቱም ለዚህ የሚሆን ነገር አላጣም። በቆላው ማሾና ሰሊጥ፣ በደጋው ገብስ አለ። ከብስኩቱ ግማሹን በበሶ የተካ ሰው ጣዕሙ እንደሚደላደል፣ ዋጋውም እንደሚቀል ያየዋል። ለጾም ቅቤው በተቆላና በላመ ሰሊጥ ሊተካ ይችላል፤ ብስኩቱ ወተት ያለበት መሆን አለመሆኑን ማሸጊያው ላይ አይቶ መግዛት ነው። ለረመዳን ማፍጠሪያ ከማሩ ይልቅ የተፈጨ ተምር ቢለወስበት የተሻለ ይይዛል። በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ ስለሚኖሩ አንዱ ትሪ ለሁለቱም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ጎረቤት የማይቀምሰው ነገር እኛ ጋ ምግብ ሆኖ አያውቅም። ለቆላው ሙቀት ደግሞ ከላይ የሚፈሰውን ቸኮሌት ትቶ ካካዎውን ውስጡ ብቻ አድርጎ ሰሊጥ መነስነስ ይሻላል፤ ያኔ ከማንጎው ጎን በመንገድ ዳር ሊሸጥ የሚችል ነገር ይሆናል።

ልጅቷ በማግሥቱ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ትመለስ ነበር። አያቷ ከንጋቱ በፊት ተነስተው ትሪውን በአራት ማዕዘን ቆረጡ፤ ግማሹን ለቤት አስቀርተው ግማሹን በወረቀት ጠቀለሉና በሶው ካለበት ከረጢት አጠገብ ከሻንጣዋ ከተቱት። ሲሰናበቷት «ፀሐይ ሳይወጣ ተሳፈሪ፤ ይቀልጥብሻል» አሏት። አውቶቡሱ ግን ሳይሞላ ዘገየ፤ ከከተማው ሲወጣ ረፍዷል። ወረቀቱ ወዝቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወለች፤ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገን ሁላችንም አዳመጥናት።

«እማዬ፣ ደብረ ሲናን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ከፍቼ አየሁት። ተመልሶ ጠንክሯል።»