የአቴና ሸንጎና የሚጢሊኒ ፍርድ

የፈተና ወራት በቀረበ ጊዜ ተማሪዎች በየዛፉ ጥላና በየመብራቱ ሥር ደብተራቸውን ዘርግተው የጥንት ግሪኮችን ታሪክ ሲያጠኑ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ «ማራቶን 490፤ ሳላሚስ 480፤ የፔሎፖኔሶስ ጦርነት ከ431 እስከ 404» እያለ ይቈጥራል፤ ሌላው የሶሎንን ሕግ፥ የክሌይስቴኔስን ዐሥር ነገዶች፥ የፔሪክሊስን ሥራ በጣቱ እየዘረዘረ ጓደኛውን ይጠይቃል። ይህ የቃል ጥናት የሚናቅ አይደለም። በአገራችን የቈየው ትምህርት ዳዊትን በቃል ከማጥናት የሚነሣው፥ በልቡ ምንም ያልያዘ ሰው የሚያሰላስለው ነገር ስለማይኖረው ነው። ነገር ግን የቈሎ ተማሪ ቃሉንና ዜማውን ከያዘ በኋላ ትርጓሜ ቤት ገብቶ ምሥጢሩን እንደሚመረምር ሁሉ፥ የታሪክ ተማሪም ከዘመን ቍጥር ቀጥሎ የሚገባበት ሁለተኛ ቤት አለው። እዚያ ሳይደርስ ፈተናውን ያለፈ ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የግሪኮች ዘመን ሁሉ የሚቈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

አንዳንድ ተማሪ ደግሞ «የግሪክ ነገር ለኛ ምናችን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ረጅም አይደለም። በግእዝ መጻሕፍት ጽርዕ እየተባለ የሚጠራው የግሪክ ቋንቋ በአክሱም ነገሥታት ዘንድ የታወቀ ነበረ፤ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ድል ማድረጉን በድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ ከግእዙ ጋራ በግሪክ ቋንቋም አስጽፏል፤ የአክሱም ገንዘብ ብዙው የግሪክ ጽሕፈት አለበት። ከእርሱም በፊት በ1ኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የቀይ ባሕርን ንግድ የጻፈ አንድ ነጋዴ፥ አዱሊስ ወደብ ባለበት አገር ይገዛ የነበረው ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት የተማረ መሆኑን ይመሰክራል። ስለዚህ የግሪኮችን መጽሐፍ መግለጥ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። «የአቴና ሕዝብ አገዛዝ ጥቅሙና ጉድለቱ ምን ነበረ?» የሚለው ጥያቄ በየትምህርት ቤቱ የማይቀር ነው፤ መልሱም እንደ ጥያቄው የታወቀ ነው። ሶሎን በ594 ሰው በዕዳው ምክንያት ባሪያ እንዳይሆን ከለከለ፤ ክሌይስቴኔስ በ508 ገደማ ሕዝቡን በዐሥር ነገድ ከፍሎ የአምስት መቶ ሰዎች ምክር ቤት አቆመ፤ ብዙው ሹመት በዕጣ ሆነ፤ ፔሪክሊስም ድኻው ሥራውን ትቶ በፍርድ ሸንጎ መቀመጥ እንዲችል ለዳኞች የቀን አበል አስወሰነ፤ ጥቅሙ ይህ ነው ይላል ተማሪው። ጉድለቱን ሲጽፍ ደግሞ ሴቶች፥ ባሮችና መጻተኞች በሸንጎው ቦታ አልነበራቸውም ይላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በላውሪዮን የብር ማዕድን ከመሬት በታች ሲቈፍር የሚሞተው ባሪያ ስለ ፔሪክሊስ ንግግር ምን እንደሚያስብ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሆኖም መልሱ የሚነግረን በሸንጎው ማን እንደ ተቀመጠና ማን እንዳልተቀመጠ ብቻ ነው። የተቀመጡት ሰዎች ተቀምጠው ምን እንደ ሠሩ አይነግረንም። አንድን ሸንጎ ግን በሥራው ካልመዘኑት በምን ይመዝኑታል?

የአቴና ሰዎች የሚሰበሰቡት ፕኒክስ በምትባል ከከተማው ገበያ በላይ በምትገኝ ኰረብታ ላይ ነበረ። አዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ባላገሩም ሆነ ባለጸጋው ተነሥቶ ይናገራል፤ ነገሩም ሲያልቅ እጅ በማንሣት ይቈረጣል። ከሸንጎው በላይ ይግባኝ የሚባልበት ንጉሥ አልነበረም። ሄሮዶቱስ የአቴናን ሰዎች 30,000 ብሎ ይቈጥራቸውና ይህን ያህል ሕዝብ ማታለል አንድን የስፓርታ ንጉሥ ከማታለል ይልቅ ቀላል ሆኖ ተገኘ ሲል ያሾፍባቸዋል። በገል ላይ ስም እየተጻፈ ሰው ለዐሥር ዓመት ከአገር የሚወጣበትም ሥርዐት ነበራቸው። አሪስቲዲስ በ482 በዚህ ሥርዐት ሲሰደድ፥ አንድ መጻፍ የማያውቅ ባላገር ሰውዬውን ሳያውቀው ገሉን ሰጥቶት «አሪስቲዲስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው፤ ምን በደለህ ቢለው «ምንም፤ ጻድቁ ጻድቁ ሲሉት መስማት ሰልችቶኝ ነው» አለው ብሎ ፕሉታርክ ያወራል። ታሪኩ ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ስለ ሆነ እንደ ተረት የሚቈጥሩት አሉ። ሠላሳ ሺሕ ሰው በተሰበሰበበት አገር እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይታጣም ብዬ እኔ በበኩሌ አምነዋለሁ።

የሸንጎውን ጠባይ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየን ግን የሚጢሊኒ ነገር ነው። ሚጢሊኒ በሌስቦስ ደሴት ያለች ከተማ ናት፤ ቅዱስ ጳውሎስ ከአሶን ተነሥቶ እንዳለፈባት በሐዋርያት ሥራ የተጻፈችው ይህችው ናት። በዚያን ዘመን አቴና ፋርስን ለመከላከል የተቋቋመውን ማኅበር ወደ ግዛትነት ለውጣ ስለ ነበረ፥ ሌሎች ከተሞች ግብር ሲከፍሉ ሚጢሊኒ ግን የራሷን መርከቦች ይዛ በወዳጅነት ትኖር ነበር። አቴና ከስፓርታ ጋራ በተዋጋች በ4ኛው ዓመት፥ ይኸውም በ428፥ የሚጢሊኒ ባላባቶች ከስፓርታ ርዳታ እናገኛለን ብለው ከዱ። አቴናም በባሕርና በየብስ ከበበቻት። የስፓርታ መርከቦች ዘገዩ፤ እህል አለቀ። ባላባቶቹ ለመዋጋት ብለው ለተራው ሕዝብ መሣሪያ ባደሉ ጊዜ፥ ሕዝቡ መሣሪያውን ይዞ «የተደበቀውን እህል አውጥታችሁ አካፍሉን፤ አለዚያ ከተማውን ለአቴናውያን እንሰጣለን» አለ። በዚህ ምክንያት ከተማው በ427 ለአቴናው የጦር አለቃ ለፓኬስ እጁን ሰጠ።

ፓኬስ የዐመፁ መሪዎች ናቸው ያላቸውን ወደ አቴና ላከና የቀሩት ምን ይደረጉ ብሎ ጠየቀ። ሸንጎው ተሰበሰበ። ሕዝቡ ወረርሽኝ ከገባበት ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ፔሪክሊስ ሞቷል፤ ርሻው በስፓርታ ጭፍራ በየዓመቱ ይቃጠላል፤ በዚህ ላይ በክብር የተያዘ ወዳጅ ከዳ። በቍጣም ሆነው የሚጢሊኒ ወንዶች በሙሉ፥ ያመፀውም ያላመፀውም፥ እንዲገደሉ፥ ሴቶችና ልጆችም እንዲሸጡ ወሰኑ። አንድ መርከብም ያንኑ ቀን ትእዛዙን ይዞ ወደ ፓኬስ ሄደ።

በማግሥቱ ጧት ግን ሰዎቹ ሌላ ሰዎች ሆነው ተነሡ። የበደለውንና ያልበደለውን ባንድነት ማጥፋት ጭካኔ መሆኑ በልባቸው ገባ። በከተማው ያሉት የሚጢሊኒ መልክተኞችና የሚያዝኑላቸው አቴናውያን ይህን አይተው ሹማምንቱን ለመኑ፤ ሸንጎውም እንደ ገና ተጠራ።

በዚህ ሁለተኛ ጉባኤ የተናገሩትን ሁለት ሰዎች ታሪክ ጸሐፊው ቱኪዲዲስ መዝግቦልናል። አንደኛው ክሌዎን ነው፤ ቆዳ ከማልፋት ሀብት ካገኘ ቤት የተወለደ፥ ድምፁ የበረታ፥ በዚያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ ከማንም ይልቅ የሚሰማ ሰው ነበረ። እርሱም ሕዝቡን ገሠጸ፤ ግዛታችሁ በፈቃድ የቆመ ሳይሆን በግድ የቆመ መሆኑን ዘነጋችሁ፤ ንግግር እንደ ጨዋታ የምትመለከቱ ሰዎች ሆናችሁ፤ ዛሬ የወሰኑትን ነገ ከሚያፈርሱ ክፉም ቢሆን ባለ ሕግ ላይ መጽናት ይሻላል አላቸው። ሁለተኛው ዲዮዶቶስ ነው። ስለዚህ ሰው በሚጢሊኒ ነገር ከተናገረው በቀር ብዙም የሚታወቅ ነገር የለም፤ ተነሥቶ ተናገረና ተቀመጠ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ እንዲል የምለምነው፥ ዲዮዶቶስ ስለ ምሕረት አለመናገሩን ነው። እኛ ያለነው በፍርድ ወንበር ላይ አይደለም፤ ለራሳችን የሚበጀውን ለመምከር ነው የተሰበሰብነው አለ። በሞት ቅጣት ዐመፅ የቀረበት አገር የለም፤ ያመፀ ከተማ እጁን ቢሰጥ እንደማይተርፍ ካወቀ እስከ መጨረሻ ይዋጋል፤ ከተማውን አሳልፎ የሰጠንን ተራ ሕዝብ ከባላባቶቹ ጋራ ብንገድል ደግሞ በየአገሩ የሚወደንን ሕዝብ ጠላት እናደርጋለን አለ። ብዙ መምህራን ይህን ንግግር የርኅራኄ ንግግር አድርገው ያስተምሩታል፤ እኔ ግን አልስማማም። ዲዮዶቶስ በልቡ ቢራራም ባይራራም ማወቅ አይቻልም። ግልጽ ሆኖ የሚታየው፥ በዚያ ሸንጎ ስለ ርኅራኄ መናገር እንደ ድካም ይቈጠር እንደ ነበረና፥ ንጹሓንን ለማዳን የፈለገ ሰው በጥቅም ቋንቋ መናገር ግድ እንደ ሆነበት ነው። ይህ የአቴናን ብልኀት ያሳያል፤ በሽታዋንም ያሳያል።

እጅ ሲነሣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ለመሆን ጥቂት ቀራቸው፤ የዲዮዶቶስ ምክር አሸነፈ። ወዲያው ሁለተኛ መርከብ ተላከ። ፊተኛው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ቀድሞታል፤ እስከ ሚጢሊኒ ያለው የባሕር መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሚጢሊኒ መልክተኞች ለመርከቡ ሰዎች ወይን ጠጅና የገብስ ዱቄት ሰጥተው ከደረሳችሁ ትልቅ ዋጋ እንከፍላችኋለን አሏቸው። በእንዲህ ያለ የጦር መርከብ ላይ 170 ቀዛፊዎች ይቀመጣሉ፤ ልማዳቸው ወደ ዳር ወጥቶ መብላትና ማደር ነበረ። ያን ጊዜ ግን የገብሱን ዱቄት በወይን ጠጅና በዘይት ለውሰው፥ የኛ መንገደኛ በሶውን እንደሚበላ፥ መቅዘፊያቸውን ሳይለቁ በሉ፤ በየተራም እየተኙ ቀዘፉ። ነፋስም አልተቃወማቸው። የፊተኛው መርከብ ሰዎች በበኩላቸው የያዙት መልእክት የሚያስጠላ ስለ ሆነ አልተቻኰሉም።

ፊተኛው ደረሰ፤ ፓኬስ ትእዛዙን አነበበ፤ ሊፈጽመው ሲነሣ ሁለተኛው ከወደቡ ገባ። ሚጢሊኒ ለጥቂት ተረፈች።

የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ተማሪውም ደስ ብሎት ይዘጋቸዋል። ቱኪዲዲስ ግን አላቆመም። ወደ አቴና የተላኩት የዐመፁ መሪዎች በክሌዎን ሐሳብ ተገደሉ፤ ቍጥራቸውም ከአንድ ሺሕ ጥቂት ይበልጥ ነበር ይላል። ቍጥሩ በመገልበጥ የተሳሳተ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ተቀንሶም ቢሆን እያንዳንዱ ሰው የተመረመረበት ፍርድ አልተደረገም። የከተማው ቅጥር ፈረሰ፤ መርከቦቹ ተወሰዱ፤ ከሜቲምና በቀር የደሴቱ መሬት በ3,000 ዕጣ ተከፍሎ 300ው ለአማልክት ሲሰጥ የቀረው ለአቴና ሰዎች ሆነ፤ የአገሬው ሰው የራሱን ርሻ በግብር ያርስ ጀመር። አንድ ሌሊት ያሰበ ሸንጎ ያደረገው ምሕረት ልኩ ይህ ነው።

ቱኪዲዲስ አቴናዊ ነው፤ በ424 የጦር አለቃ ሆኖ አምፊፖሊስን ማዳን ስላልቻለ ለ20 ዓመት ከአገሩ ተሰደደ። አገሩን የሚነቅፍበት ምክንያት እንደ ነበረው አንባቢ ማስታወስ አለበት፤ ክሌዎንንም እንደማይወደው ከጽሑፉ ይታያል። ነገር ግን የአገሩን ክፉ ሥራ ሳይሸፍን፥ በጎውንም ሳያስቀር ለትውልድ ያስተላለፈ ሰው ራሱ ከዚያው ከአቴና መውጣቱ፥ በፈተና ወረቀት ላይ በጥቅም በኩል ሲጻፍ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ መርከብ አልተላከም። በ416 የሜሎስ ደሴት ሰዎች ከማንም ወገን ሳንሆን እንኑር ቢሉ አቴናውያን ከበቧቸው፤ እጃቸውን በሰጡም ጊዜ ለአቅመ አዳም የደረሱትን ወንዶች ገደሉ፥ ሴቶችንና ልጆችን ሸጡ፤ በምድራቸውም 500 ሰፋሪ አሰፈሩ። በ406 በአርጊኑሳይ በባሕር ድል ያደረጉላቸውን የጦር አለቆች፥ ማዕበል ተነሥቶ የሰጠሙትን ስላላነሡ፥ ስድስቱን ባንድ ድምፅ ሞት ፈረዱባቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ይፈረድ የሚለው ሕግ ተረሳ። ያን ቀን ከሸንጎው መሪዎች መካከል ተራው ደርሶት ተቀምጦ የነበረው ሶቅራጥስ ከሕግ ውጭ የሆነውን ነገር አላቀርብም ብሎ ብቻውን ጸና። ሕዝቡም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተጸጸተ፤ የሞቱት ግን ሞተዋል። በ404 አቴና ለስፓርታ እጇን ሰጠች፤ በ399 ደግሞ 70 ዓመት የሆነውን ይህንኑ ሶቅራጥስን ዳኞቿ መርዝ እንዲጠጣ ፈረዱበት። ወደ ዴሎስ የሄደው የመሥዋዕት መርከብ እስኪመለስ ሰው መግደል ክልክል ስለ ነበረ፥ ብዙ ቀን በእስር ቤት ቈየ። ለማሰብ ጊዜ ነበረ። ሸንጎ የጠራ ግን አልተገኘም።

እኔ ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ጊዜ በፈተናው ላይ የዘመን ቍጥር ከመጠየቅ አልቀረሁም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመርኩ፤ «የፊተኛው መርከብ ቀዛፊዎች ለምን አልተቻኰሉም?» የሚል። ብዙዎቹ ትእዛዙ ስላስጠላቸው ነው ብለው የቱኪዲዲስን ቃል መለሱ። አንዱ ተማሪ፥ ከኋላቸው ሌላ መርከብ ይመጣል ብለው ተስፋ አድርገው ይሆናል ብሎ ጻፈ። ይህ በመጽሐፉ የለም። ቀይ እርሳሴን ይዤ ብዙ ከቈየሁ በኋላ ለእርሱም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት።